ልጆቼን ለክረምት ገጠር ልላካቸው ወይ? ብሎ የጀመረው ክር

ክር የምለው ኢንተርኔት ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደሩ መልሶችን ነው። ጥያቄውን የጻፈው አዲስ አበባ የሚኖር የጎንደር ሰው ነው። ሁለት ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሴቷ ስድስት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ግቢው የመኪና ማቆሚያ ነው። ኳስ ይዘው ሲወርዱ ጥበቃው ይቆጣቸዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ። እሱ ያደገው ጎንደር ከተማ ቢሆንም ክረምት በመጣ ቁጥር ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው ገጠር፣ ደምቢያ፣ አያቱ ዘንድ ይላክ ነበር። እና ጥያቄው፣ ሐምሌና ነሐሴን እዚያው ደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ቢልካቸው ይሻል እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። ግን አንድ ነገር ጨመረበት። የከተማ ልጅ ጨዋታ አያውቅም፣ ልጅነትን በወጉ የሚያውቀው የገጠር ልጅ ብቻ ነው አለ። እሳቱን የጫረችው ይቺ ናት።

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። በአጻጻፋቸው ትልቅ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። ልጆቹን ያሳድግልህ፣ ላካቸው፣ አፈር ይንኩ፣ እርጎ ይጠጡ ብለው አለፉ።

2ኛው የደምቢያ ልጅ ነው። ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው። የደምቢያ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ልጆች ከዚያ ጭቃ በሬ ይሠራሉ። ሰውየው አሠራሩን አንድም ሳያስቀር ዘርዝሮታል። ጭቃው ውስጥ ደቀቅ ያለ ጭድ ይገባል፣ አለዚያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሻኛው ከፍ ማለት አለበት፤ ሻኛ የሌለው በሬ መሳቂያ ያደርጋል። ለቀንድ የግራር እሾህ ይሰካል። ፀሐይ ላይ አይደርቅም፣ ጥላ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሲጠነክር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይጠመዳል። ቀንበሩ የማሽላ አገዳ ነው፣ ማረሻው ስንጥር። ማረስ ሲሰለች በሬዎቹ ይዋጋሉ፤ ቀንዱ የተነቀለ ተሸነፈ። ስማቸው የሚወሰደው ቤት ካሉት በሬዎች ነው፤ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ጉራች። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙ ቦራ ሞተብኝ እያለ እያለቀሰ ቤት ገባ። አባትየው የሚበሉትን እንጀራ ጥለው እስከ በረት ሮጡ። እውነተኛው ቦራ ተኝቶ ያመሰኳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጻፈም። የገጠር ልጅ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

3ኛው መልስ ከወገራ ነው፤ እኛም ጋ ነበረ ብሎ ብቻ አለፈ።

4ኛው ነገሩን ገለበጠው። ማክሰኚት አካባቢ ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ነው። ጠያቂውን ጋሼ እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚጽፈው። የሚለው ግን ከባድ ነው፤ ክረምት የጨዋታ ወቅት አይደለም። ሰብሉ ማሳ ላይ ነው። እረኛ ዓይኑን ከከብቱ አይነቅልም። አንዲት ጥጃ የሰው ጤፍ ውስጥ ከተገኘች ዱላው ለልጁ ነው፣ ካሳው ለአባቱ። በዚያ ላይ አረሙ አለ። ጭቃው አለ። ወንዙ ሞልቶ ሰው የሚወስድበት ጊዜ ነው። ጠያቂው የሚያስታውሰው ክረምት የእንግዳ ልጅ ክረምት ነው ይላል፤ ከከተማ የመጣን ልጅ ማን ሥራ ያዘዋል? የአክስቱ ልጆች ግን ከብት ላይ ነበሩ። እውነተኛው የጨዋታ ጊዜ የሚጀምረው አጨዳው ሲያልቅ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ድረስ ከብቱ በታጨደው ማሳ ላይ ይለቀቃል። የሚያስበላው ሰብል የለም። እረኛው እጁ ባዶ ይሆናል። በየቦታው የተቆራረጠው እርሻ አንድ ሰፊ ሜዳ ይሆናል። የገና ጨዋታም የሚደራው ያኔ ነው።

እኔ በዚህ ሰው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ገናን ብዙዎቻችን የምናስበው ከታኅሣሥ 29 በዓል ጋር ብቻ ነው። ግን ጨዋታውን ተመልከቱት። ስንት ሰው ይሰለፍ የሚል ሕግ የለም። የሜዳው ዳር የት ነው የሚል የለም። ጎጥ ከጎጥ ይገጥማል፣ ሩሯን፣ በዱላ የምትመታዋን ድቡልቡል፣ ተከትሎ ጉብታ ይሻገራል። ይሄን የሚያክል ባዶ መሬት በሐምሌ ከየት ይመጣል? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚባለውም ጌታው የሚቆጣበት ሥራ ስለቀለለ ጭምር ይመስለኛል።

5ኛው የከተማ ሰው ነው፣ ጎንደር አራዳ ያደገ። ጨዋ ነው ግን ተናዷል። የከተማ ልጅ ጨዋታ አያውቅም የሚለውን ከየት አመጣኸው አለ። ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የሽቦ መኪና፣ የጨርቅ ኳስ እያለ ቆጠረ። ከሁሉ የጣፈጠችኝ ስለ ዋና የጻፋት ናት። የፋሲል መዋኛ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ውሃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ይመጣል። ጥር 11 ጠዋት ጸሎቱ አልቆ ውሃው ሲባረክ ወጣቱ እየዘለለ ይገባል። እሱና ጓደኞቹ ለዚያች ቀን የሚዘጋጁት እዚያው ቀሃ ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልብሳቸውን ድንጋይ ሥር ደብቀው ይለማመዳሉ። ችግሩ ፀጉር ነው፤ እርጥብ ፀጉር ያጋልጣል። ስለዚህ ቤት ከመድረሳቸው በፊት አቧራ ይነሰንሱበት ነበር። እናቶች ደግሞ ያ አቧራ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ።

6ኛው፣ ዛሬ ቀሃ ውስጥ ልጅ የሚያስገባ ወላጅ ካለ አእምሮውን ይመርመር አለ። የከተማው ቆሻሻ መሄጃ ሆኗል ነው የሚለው። 7ኛው አንገረብንም ጨምርበት አለ።

8ኛው የጤና ባለሙያ ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ትንሽም ያስተምራል። ጣና ዳር ጎርጎራ በኩልም ሆነ በአካባቢው ወንዞች ቢልሃርዝያ መኖሩ የታወቀ ነው ይላል። ብዙ ሰው የሚይዘው ውሃውን በመጠጣት ይመስለዋል። ዋናው መንገድ ግን ቆዳ ነው። ጥገኛው ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ይወጣና እግሩን የነከረን ልጅ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ዋናተኛውም፣ ውሃ ቀጂዋም፣ ልብስ አጣቢዋም ሁሉም ይጋለጣሉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ አለ፣ ያድናል፣ ግን ተመልሶ ውሃ የገባ ልጅ ተመልሶ ይያዛል። ክረምት ሊወጣ ሲል ደግሞ ደምቢያ ላይ ወባ ይነሳል። አጎበር ሳትይዙ እንዳትሄዱ ብሎ አስጠነቀቀ።

እዚህ ላይ ክሩ መንገዱን ሳተ። 8ኛው ሰው እግረ መንገዱን፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ደምቢያን በፈጀው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ነው ብሎ ነበር። 9ኛው የሕክምና ፋኩልቲው የተከፈተው በ1978 እ.ኤ.አ. ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው ብሎ አረመው። 10ኛው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አንዱ የጤና ኮሌጁን ነው የሚያወራው፣ ሌላው የሐኪም ትምህርቱን፣ አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ አለ። አልተመለሱም። ቢያንስ ለጥቂት ጊዜ ማን የትኛው ሕንፃ ውስጥ እንደተማረ ሲቆጥሩ ቆዩ። እሱን እዘለዋለሁ።

11ኛው መልስ ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። የጻፈችው የበለሳ ሴት ናት። ከላይ ያለውን ሁሉ አንብባ አንዲት ሴት ልጅ እንዳላየችበት ተናገረች። በሬ የሚሠራው ወንድ፣ ሩር የሚመታው ወንድ፣ ቀሃ የሚዋኘው ወንድ። በለሳ ውሃ ሩቅ ነው። የእሷ ሜዳ የምንጩ ዳር ነበር፣ ወረፋ ስትጠብቅ። ጨዋታው ቅልብልቦሽ። አምስት ጠጠር ነው፤ አንዷን ወደ ላይ ወርውረሽ እሷ ሳትወድቅ ከመሬት ያሉትን ትለቅሚያለሽ። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ አራቱን ባንዴ። ጥሩ ጠጠር ከጨው ከረጢት በላይ ይጠበቃል፣ ቀሚስ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይታደራል። የቀጂ ተራ ሲደርስ ጨዋታው ይቋረጣል፣ ነጥቡ ግን ለነገ ይያዛል።

ከዚያ ወደ 4ኛው መልስ ተመለሰች። ከታኅሣሥ እስከ ጥር የጨዋታ ወቅት ነው ላልከው እውነት ነው አለች፤ ግን ጥር የሠርግም ወር ነው። አዝመራው ገብቷል፣ ጠላው ተጠምቋል። ወንዶቹ ሜዳ ሲወጡ ሴቶቹ ይዳራሉ። ከእነሱ ሁሉ ቅልብልቦሽ የምትችለው ልጅ አንድ ጥር ላይ ተዳረች፤ ነጥቧ እንደተያዘ ቀረ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ ሕጉ እኛ ምንጭ ጋ ሲደርስ ዘግይቶ ነበር ብላ ጨረሰች።

እኔ 4ኛውንና 11ኛውን ሁለቴ አነበብኳቸው። የሚጣሉ አይመስለኝም። ስለ አንድ ሜዳና ስለ አንድ ወቅት ነው ሁለቱም የሚያወሩት። አንዱ ከሜዳው መሐል ሆኖ ነው የጻፈው፣ ሌላዋ ከዳር።

12ኛው ይሄን አላየም። ጨዋታ ስናወራ ፖለቲካ አታምጪብን፣ ክሩን አታበላሺ አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋነት ነበር የሚጻጻፈው። ይሄ ሰው አንቺ ብሎ ጀመረ። 13ኛው የእሷ ነው፣ እሷም አንተ አለችው። አንተ የገና ጨዋታ ስትጫወት እህትህ ምን ትሠራ ነበር ብላ ሰዓት በሰዓት ቆጠረችለት። ጠዋት ውሃ፣ ከዚያ እበት ጠረጋ፣ ከዚያ ቡና ቆልታ ለአባትህ፣ ማታ አንተ ያቆሸሽከውን ልብስ ልታጥብ ወንዝ። ጭቃ በሬውንስ ማን ከቤት ጠረገው? 14ኛው ገላጋይ ገባ፤ ሁለታችሁንም በእግዚአብሔር ብሎ። 12ኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልታየም።

15ኛው ሐሳቡን ወደ ደጋ ወሰደው። ደባርቅ የሚያስተምር መምህር ነው። የእሱ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ገብስ ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ከዝንጀሮ ነው። ወንጭፍ አላቸው፣ ጅራፍ አላቸው። ጅራፉን ከቡሄ በፊት ጀምረው ያጮሁታል፤ ነሐሴ 13 ሲደርስ ገደል ለገደል ያስተጋባል። ማን ይበልጥ አጮኸ የሚለው ፉክክር አለ፤ ዝንጀሮውም በዚያው ይሸሻል። ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ ብትሉኝ መለየት አልችልም አለ። ልጆቹም የሚለዩት አይመስለኝም።

16ኛው አራሚ ነው፣ የዚህ ዓይነት ሰው በየክሩ አይጠፋም። ስሜን ላይ ያለው ዝንጀሮ ሳይሆን ጭላዳ ነው አለ። በኢትዮጵያ ብቻ ነው ያለው። ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ አለው፣ ምግቡም በአብዛኛው ሣር ነው። 15ኛው መልሶ፣ ሣር በላተኛ መሆኑን ገብሱ ለሚበላበት ገበሬ ንገረው አለ። ይህቺ ብዙ አሳቀች።

17ኛው ስለ ጫካ ፍሬ አነሳ። ሰው ሁሉ የተራበ ይመስል ግር ብሎ መጣ። አጋም፣ እንኮይ፣ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ኮሽም። ዶቅማ የበላ ልጅ መዋሸት አይችልም፤ ምላሱ ወይን ጠጅ ይሆናል። አጋም ሳይበስል ከቀጠፍከው ነጭ ወተቱ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ዋንዛ ሙጫ ነው፣ ጣፋጭ ሙጫ፣ ጣትህን ለማላቀቅ አፈር ታሻለህ። 18ኛው ቀጋ ተረሳ አለ። ቀይ ነው፣ ያምራል፣ ግን ውስጡ ያለው ፀጉር ካልተጠረገ ጉሮሮ ይበላል። የእሱ መንደር ትልልቅ ልጆች ይሄን ሳይነግሩ ለእንግዳ ልጅ ያቀርቡ ነበር። ለጠያቂው ልጅም ይሄ እንደሚጠብቀው አስጠነቀቀ። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት አቀባበል ትፈልጋላችሁ?

19ኛው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ስለ ፍሬ ስታወሩ መንገዱን ማን አየው አለ። በዚህ ጊዜ ልጅን ከአዲስ አበባ በመኪና ይዞ መምጣት ቀርቶ ጎንደር ውስጥ ያለ ወላጅ ልጁን ብቻውን ሱቅ ለመላክ ይሰጋል። እገታው ልጅ አይመርጥም። ጸጥታው ሳይመለስ ስለ ሜዳ ማውራት ቅንጦት ነው ብሎ ተቆጣ። ማንም አልተከራከረውም። ጠያቂው ብቻ፣ እናቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ ብሎ መለሰ።

20ኛው ሌላ ነገር አመጣ። ጸጥታው ቢመለስስ ሜዳው አለ ወይ? የእነሱ ቀበሌ የወል ግጦሽ ግማሹ ታርሷል። ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው፣ ገበሬውን አልፈርድበትም ይላል። ግን በባሕር ዛፍ መሐል ሩር አይመታም። ያለ ሜዳ የቀሩት ልጆች ደግሞ ምን ያደርጋሉ? መልሱን 21ኛው ሰጠ። ባለፈው ሊጠይቅ ወርዶ የአጎቱ ልጅ ማሽላ ሊጠብቅ ማማ ላይ ወጥቶ አየው። ወንጭፉ ከጎኑ ተቀምጧል። ልጁ ቲክቶክ ያያል። ወፉ ከበታቹ ይለቅማል። ስልኩን ቀና አድርጎ ይይዛል፣ እዚያ ከፍታ ላይ ኔትወርኩ ጥሩ ነው። ልጁን የከተማ ልጅ ነው ልትሉት ነው ወይስ የገጠር ብሎ ጠየቀ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ከተሰነዘሩት ትችቶች ሁሉ ይሄኛው ጠንካራ ይመስለኛል፤ አንድም ክፉ ቃል የለበትም።

22ኛው ጠያቂው ነው። ክረምቱን ትቶታል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለገና ሳምንቱን አስፈቅዶ አብሯቸው ሊመጣ ነው፣ ብቻቸውን አይልካቸውም። አሁን የሚፈልገው ዱላና ሩር ከየት እንደሚያገኝ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው በሙሉ የእንጨት ክርክር ነው። 23ኛው ሩሩ ከጠፍር መሆን አለበት አለ፤ ቆዳው ተጠቅልሎ ይሰፋል፣ የልጅ ቅልጥም አይሰብርም። 24ኛው የቆዳ ሩር ኳስ ነው እንጂ ሩር አይደለም፣ የእንጨት ጉጥ ተፈልፍሎ ነው የሚሠራው አለ። ማስረጃ ብሎ የገዛ ቅልጥሙን ጠባሳ ፎቶ ለጠፈ። 25ኛው የጎጃም ሰው ነው፤ እናንተ ጋ ገናን ማን ጀመረና ብሎ ሊቆሰቁስ ሞከረ። አንድ ሁለት ሰው ቀመሰለት፣ ከዚያ በረደ። 26ኛው ወደ ዱላው መጣ። ዱላ ከወይራ ነው፣ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ተፈልጎ ይቆረጣል። 27ኛው ከአዘዞ ነው፣ እንጨት ሥራ የሚያውቅ ይመስላል። የጎበጠ ቅርንጫፍ ስትፈልግ ገና ያልፍብሃል አለ። እርጥቡን ቆርጠህ ጫፉን ረመጥ ውስጥ ቅበረው። ልጡ ሲንጫጫ አውጣው፣ ጉልበትህ ላይ አጉብጠው፣ በገመድ እሰረውና እስኪደርቅ አትንካው። ቀድመህ ከፈታኸው ይቃናል። 28ኛው የበለሳዋ ሴት ናት። ለስድስት ዓመቷም ዱላ ይሠራላት እንደሆነ ጠየቀች። የአዘዞው ሰው ቁመቷን ላኩልኝ ብሎ መለሰ፤ የልጅ ዱላ ከወገብ በላይ ከሆነ ራሷን ትመታበታለች። 30ኛው ዋጋውን ጠይቋል።